ደንገልና ልጆቹ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ፣ እናትዓለም የምትባል የኮምፒውተር መምህርት አለች። ዘጌ ተወልዳ ያደገች፣ የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን ኋላ ወንበር ላይ ያለን እንቅልፋም ተማሪ ይቀሰቅሳል። የምታስተምርባቸው ኮምፒውተሮች በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች ነበሩ። አንዱ በርቶ እስኪነሣ ድረስ ተማሪ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። የተጫነባቸው ሲስተም ለአዳዲስ ማሽን የተሠራ ከባድ ነገር ነው። በዚያ ላይ ፈቃዱ ስላለቀ ልጆቹ ሥራቸውን ሲጀምሩ መሐል ገብቶ «ይግዙኝ» እያለ ይነዘንዛል።

እናትዓለም ከዚህ ጋር ስትታገል ከርማ፣ በመጨረሻ ከባልደረባዋ ከቴዎ ጋር ሆና ሌላ መንገድ ጀመረች። ቴዎ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አባቱ ለፋብሪካ ሥራ ሲዛወሩ በልጅነቱ ባሕር ዳር የገባ፣ አፉም እጁም ፈጣን የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ከሊኑክስ ዘር የሆነ አንድ ሥርዓተ ክወና ከኢንተርኔት አወረዱ። ሥርዓተ ክወና ማለት ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣውና ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ነው፤ ተማሪዎቹ ግን በአጭሩ «ሲስተሙ» ይሉታል። ይህኛው ነጻ ነው። ማንም ወስዶ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ እንደሚመቸው ለውጦ፣ መልሶ ለሌላ ሊሰጠው ይችላል።

እነሱም አማርኛ አስተማሩት። የሚታየውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ተረጎሙ። ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታ «ማኅደር» አሉት፤ አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ መጽሐፍ ተከቶበት የሚንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር ትዝ ብሏት እናትዓለም ያመጣችው ቃል ነው። የቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን ጨምሮ የአገሩ ሆነ። ሰዓቱም ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሆነ፤ ልጆቹ ጠዋት ክፍል ሲገቡ «ሁለት ሰዓት» ይላል እንጂ «ስምንት» አይልም። የማያስፈልገውን ሁሉ አራግፈው አቀለሉት። የመጀመሪያውን አሮጌ ማሽን በአዲሱ ሲስተም ሊያስነሡት ሲያበሩት ቴዎ እንደ ልማዱ ለሻይ ተነሥቶ ነበር። በሩ ጋ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ጠበቀው።

«እንዴ!» አለ ዞር ብሎ። «ይሄ የኛው ነው?»

«የኛው ነው» አለች እናትዓለም።

ስም ማውጣቱን ግን ብዙ አላሰቡበትም። የዋናውን ሲስተም ስም እንዳለ ወስደው ከኋላው «ኢትዮጵያ» ጨመሩበት። የዋናው አርማ ፋኖስ ነበር። ቴዎ ከፋኖሱ ሥር ሰማያዊ የውኃ መስመሮች አሰመረበት፤ ጣና መሆኑ ነው። ተማሪዎች በፍላሽ እየገለበጡ ወደየቤታቸውና ወደየአገራቸው ወሰዱት። እናትዓለም አንድ ቀን ዘንዘልማ፣ አዲስ ሰፈር ውስጥ ወደተከፈተ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብትል ባለቤቱ በዚሁ ሲስተም ማመልከቻ ሲጽፍ አየችው። ማን እንደሠራው ቢያውቅ ብላ ጠየቀችው። «የፈረንጅ ነው፤ አማርኛ ግን ጥርት አድርጎ ያውቃል» አላት። ሳቀች፤ ሆኖም መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ከነከናት።

ከዚያ በኋላ አንድ ኢሜይል መጣ። የላከችው ዋናውን ሲስተም በነጻ ከሚያለሙት ሰዎች አንዷ ስትሆን፣ ቃሏ ትሑት ነበር። ሥራችሁን አየነው፣ ደስ ብሎናል፣ የለወጣችሁትን ሁሉ መለወጥ መብታችሁ ነው ትላለች። ስሙና ፋኖሱ ግን የእኛ መታወቂያ ናቸው፤ እናንተ በለወጣችሁት ነገር ላይ ችግር ሲፈጠር ሰው እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ስለዚህ የራሳችሁን ስምና አርማ አውጡለት፣ ከእኛ መወለዱን ግን ብትናገሩ ደስታችን ነው ትላለች።

ቴዎ አንብቦ ሲጨርስ ጠረጴዛውን መታ። «ምቀኝነት ነው! ነጻ ነው ብለው ሰጥተው፣ ሰው ሲሠራበት ስማችንን መልሱ?»

እናትዓለም ግን ያን ያህል የደከመችበትን ሥራ ይዛ ሰው ግቢ ተደብቃ ስትገባ የተያዘች መሰላት። ሴትዮዋ ከታች አንድ ማስረጃ አያይዛ ነበር፤ ከፈተችው። ከደብረ ታቦር አንድ ሰው በእነዚያ ሰዎች የመወያያ ገጽ ላይ አቤቱታ ጽፏል። አሜሪካ የሚኖር ወንድሙ ለጥየቃ ወደ ቤቱ መጥቶ ኮምፒውተሩን አይቶ ሰዓቱ በስድስት ሰዓት የተዛባ ነው ብሎት ነበር። ከሥሩ ሰዎቹ አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ፣ ሰውዬውን ይህን ሞክር፣ ያንን ንቀል እያሉ፣ ያልተበላሸ ሰዓት ለመጠገን ሲደክሙ የከረሙበት ውይይት ተንጠልጥሏል። ምን እንደገጠማቸው ማንም አልገባውም።

እናትዓለም በመጀመሪያ ሳቀች፤ እየሳቀች ግን ፊቷ ጋለ። «ቴዎ፣ ና እይ እስኪ። በእኛ ሰዓት የተነሣ እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ አጥተዋል።»

ቴዎ አነበበ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ተነቃነቀ። «እሺ» አለ ሲረጋጋ። «ስም እናውጣለት። ግን በቁጭት ነው የማወጣው፣ ልንገርሽ።»

ስም ማውጣቱ ከሲስተሙ የባሰ ሥራ ሆነ። ዲኑ የኮሌጁ ስም በምሕጻረ ቃል ይሁን አሉ፤ ሲያነቡት ማስነጠስ መሰለ። ተማሪዎች «ጣና» አሉ። ግን ጣና የሚባል ፀጉር ቤት አለ፣ ጣና የሚባል ጋራዥ አለ፣ ጣና የሚባል የመኪና እጥበት አለ። ዓባይም እንደዚያው። ቴዎ ፈረንጅኛና አማርኛ ያጋጩ ስሞች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይደረድር ጀመር፤ እናትዓለም ደግሞ ከኋላው እየተከተለች ታጠፋለች።

ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ ተሻግራ አባቷን ልትጠይቅ ሄደች። መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅኔ ግን አሁንም ይዘርፋሉ፣ ያዘርፋሉ። ከደቀ መዛሙርቱ ተለይተው ከግቢያቸው ዛፍ ሥር አጠገቧ ተቀመጡ። ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ሁልጊዜ «ደኅና ነው» ብላ ታልፋቸው ነበር። ያን ቀን ግን ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው፤ ኢሜይሉን፣ ፋኖሱን፣ የደብረ ታቦሩን ሰዓት ጭምር።

እሳቸው የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ አዳመጡ። «ስም ሳታወጡለት ነው እንዴ አገር ላገር የላካችሁት?» አሉ።

«ስምማ ነበረው አባባ። የሰው ስም ሆነ እንጂ።»

«ያ የአባቱ ስም ነዋ። አንቺ እናትዓለም ኃይለ ገብርኤል ነሽ። ኃይለ ገብርኤል እያሉ ቢጠሩሽ የምትሰሚው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

እናትዓለም ፈገግ አለች። ነገሩ በዚህ በኩል መጥቶላት አያውቅም። ቅሬታዋ ሁሉ ስማችንን ተቀማን የሚል ነበር፤ ለካ መጀመሪያም ልጁን በአባቱ ስም ብቻ እየጠሩት ነው የከረሙት።

አባቷ ግን በዚህ አላቆሙም። ስም አወጣጥ ከተነሣማ የእሳቸው ሙያ ነው። «ብርሃነ ልቡና በሉት» አሉ። «ካልሆነም መዝገበ ጥበብ። ደግሞም...»

«አባባ፣ ያምራሉ። ግን የገበያ ልጅም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ትንፋሽ ሊጠራው ይገባል።»

«ግእዝ ትንፋሽ ያሳጥራል አልሽ?» አሉ፣ ቅር ያላቸው መስለው። ቅር ብሏቸው አይደለም፤ ልጃቸው ምክር ፈልጋ ስትመጣ ከስንት ዘመን በኋላ መሆኑ ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለጉም።

ሊሸኟት በትራቸውን ይዘው እስከ ጀልባው መቆሚያ ወረዱ። ጀልባው ሰው እስኪሞላ ሲጠብቁ እናትዓለም ዳርቻውን ታይ ነበር። ደንገሉ ከውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ አናቱን ያወዛውዛል። አንድ ሰውዬ ወገቡ ድረስ ገብቶ ያጭዳል፤ ትንሽ እልፍ ብሎ ሌላው ያጨደውን ፀሐይ ላይ ዘርግቶታል። ማንም ከማን አስፈቅዶ አያጭድም። አንዱ ታንኳ ያስርበታል፣ ሌላው ምንጣፍ ይሠራበታል። ታንኳውም ታንኳ ነው የሚባለው፣ ምንጣፉም ምንጣፍ ነው፤ ሁለቱም ከደንገል መምጣታቸውን ግን የማያውቅ የለም።

«ደንገል» አለች ድንገት።

«ምን አልሽ?»

«ስሙ ደንገል ይባል አባባ።»

«ደንገል?» አሉ። «ያ ሣር?»

«ያ ሣር። ማንም ያጭደዋል፣ ማንም የሚፈልገውን ያስርበታል። ቀላል ነው፣ አይሰምጥም።»

የመሪጌታ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቃሉን ወዲያና ወዲህ እያሉ እየመዘኑት እንደሆነ ገባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች ያን ከንፈር፤ ተማሪ ቅኔ ሲያቀርብላቸው እንዲሁ ነው። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ግን በፈረንጅ ፊደል እንዳትጽፉት። አንዱ ደንገል ሲል ሌላው ድንግል ብሎ ያነበዋል፤ ያኔ ሊቃውንቱ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።» እየሳቁ ጀልባው ላይ ደግፈው አወጧት።

ስለዚህ ደንገል በአማርኛ ፊደል ተጻፈ። ማተሚያ ቤት የምትሠራ፣ ሲና የምትባል የቴዎ ጓደኛ አርማውን ሣለች፤ በአንድ ገመድ የታሰሩ ሦስት የደንገል ዘንጎች ናቸው፣ አናታቸው እንደ ፀጉር የተበተነ። ለአሮጌ ማሽኖች ያቀለሉትን «ደንገል ታንኳ» አሉት። ጉልበት ላላቸው ማሽኖች ብዙ ነገር የተጫነበትን ደግሞ «ደንገል ጀልባ» አሉት። በሁለቱም መክፈቻ ላይ በትንሹ ከማን እንደተወለዱ ተጻፈ። ከዚያ በታች እናትዓለም አንድ ደንብ አሠፈረች፦ «ውሰዱት፣ ቀይሩት፣ አባዙት። ውስጡን ከቀየራችሁ ግን የራሳችሁን ስም አውጡለት፤ ከደንገል መወለዱንም ተናገሩ።»

«እነሱ የላኩልንን መልሰን መጻፋችን ነው?» አለ ቴዎ።

«ነው።»

«ገና ቁጭቴ አልወጣም እኮ።»

«ስትጽፈው ይወጣልሃል» አለችው።

ደንገል ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ በስሙ ሲነሣ ክፍሉ ተማሪ ሞልቶት ነበር። ጥቁሩ ፊት ላይ ዘንጎቹ ታዩ፤ ከዚያ ፊደሉ፤ ደ፣ ን፣ ገ፣ ል። ማንም ጭብጨባ አላዘዘም፤ ከኋላ በኩል አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ። እናትዓለም ጀርባዋን ወደ ተማሪዎቹ አዙራ ገመድ የምታስተካክል መሰለች። ከባሕር ማዶ ያች ኢሜይል የጻፈችው ሴት የሲስተሙን ዘሮች በሚያስተዋውቁበት ገጽ ላይ ደንገልን በአማርኛ ፊደሉ አውጥታ ላከችላት። ቴዎ አትሞ ክፍሉ በር ላይ ለጠፈው። ቁጭቱ በዚያው ሳይወጣ አልቀረም።

ደንገል በስሙ መጠራት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ሌላ ሆነ። ቀድሞ የፈረንጅ ነው ይሉ የነበሩት አሁን ስልክ ይደውላሉ። የወረዳ ትምህርት ቤቶች፣ ጽሕፈት ቤቶች፣ የአጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳይቀሩ ይጠይቃሉ። ምስጋናውም ይመጣል፣ ስድቡም ይመጣል፤ እናትዓለም ሁለቱንም በአንድ ጆሮ ለመስማት ተለማመደች።

በሁለተኛው ዓመት ግን ያልጠበቀችው ዓይነት ስልክ መጣ። የደወለው ደራ ወረዳ ያለ መምህር ነው። «ደንገላችሁ አበደ እንዴ?» አላት። «ሰላም ብዬ ስጽፍ ሌላ ነገር ይወጣል! ተማሪዎቼን ፈተና ላይ ጉድ አደረገብኝ።» በማግሥቱ ሌላ ደወለ። ከዚያም ሌላ። ቴዎ ፈልጎ ምንጩን አገኘው። ደንገል የሚል ስም ያለው፣ ዘንጎቹ ያሉበት፣ ግን የፊደል ቁልፎቹ ቦታቸው የተለዋወጠ ሌላ ሲስተም ደራ ውስጥ እየተሠራጨ ነበር። የሠራው ቃለ ሕይወት ነው። ቃለ ሕይወት ከጥቂት ዓመት በፊት እናትዓለም ያስተማረችው፣ አሁን አንበሳሜ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ልጅ ነው።

«ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ላውጣው» አለ ቴዎ። «ደንቡን አንብቦታል እኮ። ስማችንን እያጠፋ ነው።»

«አታውጣው» አለች እናትዓለም። «ኢሜይልም አልልክለትም። ያኔ ሳነብ እንዴት እንደሆንሁ አውቀዋለሁ። ራሴ እሄዳለሁ።»

በሚኒባስ ዘንዘልማን አልፋ፣ ሐሙሲት ላይ መኪና ቀይራ አንበሳሜ ገባች። የገበያ ቀን ነበር፤ ከአህያና ከማዳበሪያ ጆንያ መሐል ሾልካ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቃለ ሕይወት እየሮጠ መጥቶ ዝቅ ብሎ ሰላም አላት።

«ቲቸር! እርስዎ እዚህ? ምነው ሳይነግሩኝ!»

ለምን እንደመጣች ሳትነግረው ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወሰዳት። ማሽኖቹ ከእሷ ኮሌጅ የባሱ አሮጌዎች ናቸው። ገና ቁጭ ከማለቷ መብራት ጠፋ። ተማሪዎቹ ግን አንዳቸውም አላጉረመረሙም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። መብራቱ ሲመለስ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ተነሥቶ ጽሑፉን እስካቆመበት ፊደል ድረስ መልሶ ዘረጋው። አንዲት መስመር አልጠፋም። ደንገል እንዲህ አያደርግም። እናትዓለም አንድ ነገር ጎኗን ነካ ሲያደርጋት ተሰማት። ለራሷ ብትዋሽ ይቻላል እንጂ ቅናት ነበር።

«መብራቱ እዚህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ያውቁታል» አለ ቃለ ሕይወት። «ልጆቹ እያለቀሱ ነበር የሚወጡት፤ ምን ላድርግ ብዬ ነው። ግን ይሄን አይደለም ላሳይዎ የፈለግሁት።»

በመስኮቱ በኩል ያለው ማሽን ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ጸሎት ትባላለች፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ዓይኗ አያይም። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲወርዱ ከኮምፒውተሩ የሴት ድምፅ እየተከተለ ይጠራል፤ «ሀ... ገ... ር»። ድምፁ የትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህርት የወለተ ኪዳን ነው፤ ፊደሉን ከነዘሩ እያነበበች ያስቀዳችው። ጸሎት አንድ አንቀጽ ጽፋ ስትጨርስ ማሽኑ ከመጀመሪያው መልሶ አነበበላት። አንድ ቃል ላይ ቆም አደረገችው፣ ግድፈቷን አረመች፣ ቀጠለች።

«ቁልፎቹን ለምን እንደቀያየርሃቸው ንገረኝ» አለች እናትዓለም።

«የእኛ... ማለቴ የእናንተ አቀማመጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል ለሚያውቅ ነው። ጸሎት የእንግሊዝኛ ቁልፍ የት እንዳለ አይታ አታውቅም። የፊደል ገበታውን ግን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ታውቀዋለች። ስለዚህ በገበታው ተራ ደረደርሁት። በጣቷ እየቆጠረች ታገኘዋለች።»

እናትዓለም ለረጅም ጊዜ ልጅቷን አየች። ቅናቷ የት እንደገባ አላወቀችም። ይህን ሲስተም የቀለሰችው እሷ ናት። ከእርሷ እጅ ወጥቶ፣ እሷ ያላሰበችውን ሰው አግኝቶ፣ እሷ ያላወቀችውን ሥራ ይሠራል።

ከግቢው ወጥተው ግንቡ ጥግ ጥላ ሥር ሲቆሙ የመጣችበትን ነገረችው። ስለ ስልኮቹ፣ ስለ ተማሪዎቹ ፈተና፣ ስለ ስሙ። የቃለ ሕይወት ፊት እየጠወለገ ሄደ።

«ስሙን የተውሁት እኮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው። ደንቡን አንብቤዋለሁ። ግን የራሴን ስም ብለጥፍበት ከእርስዎ ሰርቄ የኔ ነው ያልሁ መሰለኝ። አሁን ከቤት ውጣ እያሉኝ ነው ማለት ነው?»

«ጎጆ ውጣ እያልሁህ ነው» አለች እናትዓለም። «ውጣ ማለትና ጎጆ ውጣ ማለት ለየቅል ነው። ስማ ቃለ ሕይወት፣ ሥራህ በእኔ ስም ሲጠራ ስድቡም የእኔ፣ ምስጋናውም የእኔ ነው። ስድቡን ለምጄዋለሁ፣ እችለዋለሁ። ያችን ልጅ ያየ ሰው የሚያመሰግነውን ግን ልውሰድብህ? በየት አገር የተለመደ ነው?»

ቃለ ሕይወት አንገቱን ደፋ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ።

ተመልሰው ገቡ። ተማሪዎቹ ሲስተሙ አዲስ ስም ሊወጣለት መሆኑን ሲሰሙ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዱ አንበሳ አለ፣ አንዱ ደራ አለ፣ አንዱ የራሱን ስም አለ። ጸሎት ግን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈች ጠበቀች፤ ሲረጋጉ ቀና አለች።

«ዳሰሳ» አለች።

«ጥናት አስመሰልሽው!» አለ ቃለ ሕይወት። «የዳሰሳ ጥናት እያሉ ስንት ሪፖርት ነው የሚያስጽፉን።»

«ቃሉን እነሱ ናቸው ከእኛ የወሰዱት» አለች ጸሎት። «እኔ ሁሉንም ነገር በመዳሰስ ነው የማውቀው።»

እናትዓለም ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። አጭር ነው። ማንም ይጠራዋል። ቃለ ሕይወትን አየችው፤ እሱም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዘንጎቹን ከሲስተሙ ላይ አንድ በአንድ አነሡ። ደንገል የሚለውን ቃል ካለበት ሁሉ ሲያጠፋ የቃለ ሕይወት ጣት ይዘገይ ነበር፤ እናትዓለም ግን «በል፣ በል» ትለዋለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተዉት፤ መክፈቻው ሥር፣ «ከደንገል የተወለደ» በሚለው ውስጥ። ለደወሉት መምህራን ሁለቱ ሲስተሞች የተለያዩ እንደሆኑ፣ የትኛው ለማን እንደሚሻል ቃለ ሕይወት ራሱ እየደወለ አስረዳቸው። የተናደደው መምህር እንኳ በመጨረሻ አንዱን ማሽን ዳሰሳ አድርግልኝ ብሎ ለመነው።

በቀጣዩ ዓመት የክልሉ የኮምፒውተር መምህራን ባሕር ዳር ላይ ተሰብስበው ነበር። እናትዓለምና ቴዎ ለምሳ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ ገብተው ሳለ ወንበር ሞልቶ አንድ እንግዳ ሰው አብሯቸው ተቀመጠ። ገብረ መስቀል እባላለሁ፣ ዳንግላ ነው የማስተምረው አለ። ወሬ የሚወድ፣ እጁን እያወራጨ የሚናገር ሰው ነው። ዓሣው እስኪመጣ አልጠበቀም።

«እርስዎ የት ነው የሚያስተምሩት?» አላት።

«እዚሁ ነኝ።»

«ታዲያ ዳሰሳን ሰምተዋል?»

ቴዎ ውኃ እየጠጣ ነበር፤ ትን አለው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናትዓለም።

«አይ! ሳይሰሙማ አይቀርም። ሲስተም ነው። አንድ የአንበሳሜ ልጅ ነው የሠራው፣ ቃለ ሕይወት የሚባል። እኛ ጋ ዓይናቸው የማያይ ሁለት ተማሪዎች አሉን። ከዚህ በፊት ኮምፒውተር ክፍል ሲደርስ ውጭ ይቀመጡ ነበር። አሁን እነሱ ናቸው ቀድመው የሚገቡት! አንደኛው ለእናቱ ደብዳቤ ጽፎ አትሞ ወሰደላት፤ ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ወረቀቱን እያሳየች እልል አለች።» ገብረ መስቀል ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከምንም ተነሥቶ ነው የሠራው እኮ፣ ያ ልጅ።»

ቴዎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ከምንም እንኳ...» ብሎ ሊጀምር ሲል እናትዓለም በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ወደ እሷ ዞር አለ። እንዲህ የበራ ፊት አይቶባት አያውቅም፤ ደንገል በስሙ የተነሣ ዕለትም ቢሆን ጀርባዋን ስለሰጠች አላየውም። ተወው።

«ቁልፎቹን እንዴት አድርጎ ደረደራቸው?» ብላ ጠየቀች እናትዓለም።

«ያ ነው ብልሃቱ!» አለ ገብረ መስቀል፤ ዳቦውን ቆራርሶ ጠረጴዛው ላይ በመስመር ይደረድር ጀመር። «ይኸውልዎ፣ ይቺ ሀ ናት እንበል። ይቺ ለ። እዚህ ሐ...»

እናትዓለም ወንበሯን ወደ እሱ ጠጋ አደረገች።